ዳኛው የት ሄደ?

በአገራችን የማይተች ሰው ቢፈለግ እኔ አንድ አውቃለሁ። ደራሲው ይተቻል፤ ተዋናዩ ይተቻል፤ ዘፋኙማ ተወቅሶ ተወቅሶ ቆዳው ደንድኗል። ሠዓሊውንም ቢሆን፣ ሥዕሉን የማይገዛው ሁሉ አስተያየቱን በነፃ ያድለዋል። ከመድረኩ ጫፍ ቆሞ፣ ድምፅ ማጉያውን እንደ በትረ መንግሥት ጨብጦ፣ «አሁን ደግሞ ወደሚቀጥለው መርሐ ግብራችን እናልፋለን» የሚለውን ሰው ግን ማን ይተቸዋል? ውይይቱ ሲበላሽ «ሕዝባችን መወያየት አያውቅም» እንላለን። ሲያምር ደግሞ «ደራሲው አንደበተ ርቱዕ ነው» እንላለን። አወያዩ በሁለቱም ጊዜ አይነሣም። እንደ አዳራሹ መጋረጃ ነው፤ ተቀዶ ቢንጠለጠል እንኳ ልብ የሚለው የለም።

በበኩሌ ይህን ሰው እንደ አንድ የጥበብ ባለሙያ ቆጥሬ ልተቸው ተነሥቻለሁ። ማወያየት ምን ጥበብ አለው የሚል ካለ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ መጽሐፍ ምረቃ ሄዶ ሦስት ሰዓት ይቀመጥ። ከእኔ ይልቅ የወንበሩ እንጨት በደንብ ያስረዳዋል።

«አወያይ» የሚለው ቃል በአፋችን የገነነው በአብዮቱ ዘመን ይመስለኛል። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየፋብሪካውና በየቀበሌው የነበረውን የውይይት ክበብ ታላላቆቻችን አይረሱትም። ሰዉ ይሰበሰባል፤ ካድሬው ያወያያል። ነገር ግን ካድሬው ገና ከቤቱ ሲወጣ የውይይቱን መደምደሚያ በኪሱ ይዞ ነው። የተሰብሳቢው ድርሻ እዚያ መደምደሚያ ላይ መድረስ ብቻ ነበር፤ የዘገየ ይጎተታል፣ መንገድ የሳተ ደግሞ የሚደርስበትን ያውቃል። ክበቡ ከነካድሬው አለፈ። አመሉ ግን አላለፈም። አወያዩ መጨረሻ ላይ «ለማጠቃለል ያህል» ብሎ የሚያነበውን ወረቀት፣ ውይይቱ ሳይጀመር በታይፕ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ሳይሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከአወያይ በፊት የነበረውና ዛሬም ያልሞተው ቃል ዳኛ ነው። ዳኛ ማለት ችሎት ላይ ካባ ለብሶ የሚቀመጠው ብቻ አይደለም። እድር ዳኛ አለው፤ ዕቁብም ዳኛ አለው። የጽዋ ማኅበር ሙሴ አለው። ድግስ ደግሞ አጋፋሪ አለው፤ እንግዳውን በወጉ የሚያስቀምጥ፣ ጠጅ ያሸነፈውን ሰው ክንዱን ይዞ «ጌታዬ፣ ውጭ የሚፈልግዎ ሰው አለ» ብሎ ሳያዋርድ የሚያስወጣ። የተጣላ ሲኖር ሽማግሌ አለ። ልብ በሉልኝ፤ አባቶቻችን ለአራት ሰው ያካፈሉትን ሥራ ነው ዛሬ እኛ ለአንድ ባለ ከረባት ያሸከምነው። አስተናጋጁም፣ ተራ ሰጪውም፣ ፈራጁም፣ አስታራቂውም እሱ ነው። ቢያቅተው አይገርምም። የሚገርመው አራቱንም ትቶ አምስተኛ ሥራ መያዙ ነው፤ እሱም ራሱ መናገር።

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረገኝ አዊ ነው። የእናቴ ወገኖች ዳንግላ ስለሆኑ ወደዚያ መመላለስ አላቋረጥኩም። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ እንጅባራንና ዳንግላን የሚያስታውሰው በጭጋጉ፣ በድንቹ ጆንያ፣ በከሰሉና በፈረስ ጋሪው ነው። ጊዜ ያለው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ የዘንገናን ሐይቅ አይቶ ይመለሳል። ለዛሬው ጽሑፌ የምፈልገው ግን በዓይን የሚታየውን አይደለም፤ ሰዎቹ ሲሰበሰቡ እንዴት እንደሚነጋገሩ ነው።

እርግጥ አዊ ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ፈረሰኛው ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ፈረስ በዓድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ለዋለው ውለታ መታሰቢያ እንዲሆን የቆመ ማኅበር ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በዓሉ ይከበራል። የአባላቱ ቁጥር ከ60 ሺህ በላይ እንደሆነ ይነገራል። ጋዜጠኛው ሁሉ የሚያተኩረው በፈረሱ ጌጥ ላይ ነው፤ አይፈረድበትም፣ ጌጡ ያምራል። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ስልሳ ሺህ ሰው፣ ያውም ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ በምን ይተዳደራል? መሪው አለቃ ይባላል። ነገር ግን አንድ አለቃ ያን ሁሉ ሕዝብ በጩኸት ሊገዛ አይችልም። ፈረሰኛው ወደ ሜዳው የሚመጣው ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ነው፤ በሰርግ ሙሽራ ከሚያጅቡት፣ በልቅሶ ፈረሳቸውን ስበው ከሚቆሙት ጋር። ክፉ ቢያደርግ የሚያየው የማያውቀው ተመልካች አይደለም፤ ነገ ልቅሶ ላይ የሚያገኘው ጎረቤቱ ነው። ማኅበሩን ማኅበር ያደረገው የጥር 23ቱ ጉግስና ግልቢያ ሳይሆን፣ በሁለት ጥሮች መካከል ያሉት እነዚያ ማንም ፎቶግራፍ የማያነሣቸው ቀናት ናቸው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ይህንኑ ነገር በትንሹ፣ በቅርቡ፣ ለማየት ከፈረሱ ሜዳ ወደ እድር ድንኳን መውረድ ይበቃል።

ባለፈው ዓመት ዳንግላ ውስጥ በአንድ እድር ስብሰባ ላይ፣ በእንግድነት፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። አባላቱ ከከተማውም ከከተማው ዳርም የተቀላቀሉ ናቸው፤ ነጋዴ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ፣ ገበሬም አለ። ጉዳዩ መዋጮ ነው። የድንኳን ሸራ ተወድዷል፣ ሁሉም ነገር ተወድዷል፤ የወሩ መዋጮ ከ50 ብር ወደ 100 ብር ይደግ ተባለ። ጫጫታ ሆነ። አንድ ባለ ሱቅ ተነሥቶ፣ «መክፈል የማይችል ይውጣ! እድር የደሀ መጦሪያ አይደለም!» አለ። ድንኳኑ ቀዝቀዝ አለ፤ ከዚያ ሊፈነዳ ነው። ዳኛው ድሮ እህል ይነግዱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰውየውን አልተቆጡትም፤ «ሥነ ሥርዓት!» ብለው ጠረጴዛም አልደበደቡም። እንዲህ ነው ያሉት፦ «ልጄ፣ ይቺን ቃልህን እኔ ዘንድ በአደራ አስቀምጣት። በኋላ እመልስልሃለሁ።» ሰውየው ተቀመጠ። ምን ያድርግ? ቃሉ አልተጣለበትም፤ አደራ ሆነለት።

ቀጥሎ አንዲት እናት ተነሡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በእሳቸው ቦታ የገቡ ናቸው። በአማርኛ ጀመሩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሄደው ቃል አጠራቸው፤ ኩታቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ሊቀመጡ ሆነ። በዚህ ጊዜ ዳኛው በአዊኛ፣ የአገሬው ሰው በራሱ አፍ አዊንጊ በሚለው ቋንቋ፣ አንድ ነገር አሏቸው። ሴትዮዋ ቀና አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ድምፃቸው ወፈረ፣ እጃቸው ተንቀሳቀሰ፣ በመካከል ድንኳኑን አሳቁት። አዊኛ የማንችለው እየጠበቅን ዝም አልን። ሲጨርሱ ዳኛው ቃላቸውን በአማርኛ ዘረዘሩልን። አላሳጠሩትም፤ ቀልዱንም አልጣሉትም። ሲያበቁ ወደ ሴትዮዋ ዞረው፣ «እናቴ፣ ቃልዎን ሳላጎድል አድርሻለሁ?» አሉ። «አንዲት ቀርታለች» አሉና ጨመሩበት።

ነገሩ ምን ነበር? ሴትዮዋ ጭማሪውን አልተቃወሙም። እሳቸው ቤት ገንዘብ የሚገባው ድንች ሲሸጥ ነው። በሐምሌና በነሐሴ እንኳን 100 ብር 10 ብርም የለም። በየወሩ ከምትጠይቁኝ ድንቹ ሲወጣ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ውሰዱኝ ነው ያሉት። ይህ እንደ ተሰማ ከወንዶቹ ወገን አንዱ «እኔም» አለ፤ ሌላው «እኔም» አለ። ለካ የግማሹ ድንኳን ችግር ነው፤ ወንዱ አፍሮ ዝም ብሎ ኖሯል። የፈለገ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲከፍል ተወሰነ፤ መዝገቡን እንዴት እንደሚያስተካክል ጨንቆት የሚያጉረመርመው ጸሐፊው ብቻ ቀረ። ዳኛው ያን ጊዜ ወደ ባለ ሱቁ ዞሩ። «አደራህን ልመልስልህ። ምን ነበር ያልከው?» «ጋሼ፣ ይጨመር ያልኩትን ይያዙልኝ» አለ፤ «ይውጣ ያልኩትን ግን ይተዉልኝ።»

ከስብሰባው በኋላ ሻይ ስንጠጣ፣ ዳኛው ራሳቸው ጭማሪውን ከሚቃወሙት ወገን እንደ ነበሩ ነገሩኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊታቸውን እያየሁ ይህን ማወቅ አልቻልኩም ነበር።

ከዚህ ድንኳን ወደ አዳራሽ ልውሰዳችሁ። ስሙን አልጠራውም፤ መብራቱም ድምፅ ማጉያውም የተሟላ አዳራሽ ነው። በአንድ ልብ ወለድ ላይ ውይይት ተዘጋጅቶ ነበር፤ የመጽሐፉንም ስም ልተወው፣ የምተቸው እሱን አይደለምና። አወያዩ ሲከፍት ስለ ልብ ወለድ ምንነት ሃያ ደቂቃ ተናገረ። ደራሲው ተናገረ። አወያዩ ደራሲው የተናገረውን መልሶ ተናገረ። ከዚያ «በመጀመሪያው ዙር አምስት ጥያቄ እንቀበላለን፤ እባካችሁ አጠር፣ መጠን አድርጉልን» አለ።

ከአምስቱ አንዱ ከአዊ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ የአዊ ገበሬ አለ፤ ተሰባበረ አማርኛ ስለሚናገር አንባቢው ይስቅበታል። ልጁ የጠየቀው እንዲህ ነው፦ «ይህ ሰው ገበያ ወጥቶ ተሰባበረ አማርኛ ቢናገር እሺ። ማታ ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ጋር ሲጨዋወትም ደራሲው ተሰባበረ አማርኛ ያናግረዋል። ቤቱ ውስጥ ግን የሚናገረው አዊኛ ነው። አዊኛው ደግሞ አልተሰባበረም። ታዲያ እቤቱ ድረስ ገብቶ የሰበረው ማን ነው?»

አንባብያን ሆይ፣ በእውነቱ በዚያ ምሽት ከዚህ የበለጠ ሂስ አልተነገረም። ጥያቄው የአንድን መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ ብቻ አይነካም፤ በአማርኛ የሚጻፈው ልብ ወለዳችን ሌላ አፍ የፈታውን ኢትዮጵያዊ እንዴት እንደሚያናግረው ነው የሚጠይቀው። ዕድሜ ልካችንን ልንወያይበት የሚገባ ነገር ነው። አወያዩ ምን አደረገ? «እናመሰግናለን፤ ወደ ሦስተኛው ጠያቂ» አለ። ሦስተኛው ደራሲው ሌሊት ይጽፍ እንደሆነ ወይስ ቀን ጠየቀ። አራተኛው ግጥም አነበበ። አምስተኛው ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት እንዳለው ገልጾ ስለ ማንበብ ባህላችን መውደቅ ሰበከ። ደራሲው ሲመልስ በሌሊት እንደሚጽፍ በዝርዝር አስረዳን፤ «የቋንቋውን ነገር በተመለከተ የጥበብ ነፃነት ነው» ብሎ አለፈ። ልጁ እንደገና እጁን አወጣ። «ከሰዓት አንጻር...» አለ አወያዩ።

ይህ ጥያቄ እየሰበሰቡ የመመለስ ልማድ ከየት እንደ መጣብን አላውቅም፤ ውይይትን ለመግደል ግን ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልተገኘም። አምስት ጥያቄ የተቀበለ ተናጋሪ ቀላሉን መርጦ ይመልሳል። ከባዱ በሌሎቹ መካከል ይቀበራል፤ ጠያቂው ደግሞ መልሱ መልስ አለመሆኑን የሚናገርበት ተራ የለውም። አወያዩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ማለት ይከብደኛል። አንዳንዱ ያውቃል፤ እንግዳውን ከመከራ ለማዳን ያደርገዋል። ለእንግዳ መራራት ጥሩ ነው፤ ግን ያን ምሽት ያልተራራለት ልጅ አዳራሹን ለቆ ሲወጣ አየሁት።

የዳንግላው ዳኛ እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጡ ኖሮ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ለመገመት አይከብድም። ለሴትዮዋ እንዳደረጉት ልጁንም «ቃልህን ሳላጎድል አድርሻለሁ?» ይሉት ነበር። ደራሲውንም ቢሆን አይጥሉትም፤ ምናልባት መልሱን በአደራ ያስቀምጡለት ነበር።

በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ሳለን ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ ተምረናል። ሰዎች እርስ በርስ እንዴት እንዲጠያየቁ እንደሚደረግ ግን የተማርነው ነገር ትዝ አይለኝም። አባቶቻችን ለዚህ ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ እሱም ሙግት ነው። በበላ ልበልሃና በተጠየቅ ዘመን ጥያቄ አይጠራቀምም ነበር። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው እዚያው ይመልሳል፤ ተመልካቹ ከብቦ ያዳምጣል፤ ዳኛው ዝም ይላል። ሁለት ተሟጋቾች ኩታቸውን አቋጥረው በመንገድ ላይ ያገኙትን ጨዋ ሰው «ዳኘን» ይሉት ነበር፤ መንገደኛው ከበቅሎው ወርዶ ይሰማል። ያልፈለጉትን ሥራ በድንገት የሚሸከሙ እንዲህ ያሉ አወያዮች ነበሩን።

ታዲያ ያን ዘመን እንደ ገነት የሚያወድሱትን አልከተልም። ተሟጋቹ ውርርድ ይገባ ነበር፤ ውርርዱም ወደ ዳኛው ይሄድ ነበርና ደሀው ውርርዱን ፈርቶ እውነቱን የዋጠበት ቀን ቀላል አይመስለኝም። አንደበት የሌለው እውነት ይዞ ይረታል። እንደ ዳንግላዋ እናት ያሉ ሴቶች ቃል ለማግኘት ስንት በር ማንኳኳት ነበረባቸው? አውጫጭኝም ነበር፤ ሌባ እስኪወጣ ድረስ የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ የሚውልበት፣ ገበሬው የሥራ ቀኑን የሚያቃጥልበት። ነገር ግን በአውጫጭኝ ውስጥ አንድ ብልሃት ነበረች። ጠቋሚው እንዳይጠቃ ስሙ አይነገርም፤ ወሬው «ወፍ ነገረኝ» ተብሎ ይቀርባል። ወፏ ግን ዝም ብላ አየር ላይ አትጮህም። ነገሯን አውጥተው አውርደው፣ ከእውነት ነው ከቂም ብለው የሚመዝኑ ሽማግሌዎች ነበሩባት።

ዛሬ እያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው የታጨቀባቸው ማኅበሮች አሉ፤ የሰፈር፣ የትምህርት ቤት ጓደኞች፣ የሥነ ጽሑፍ አፍቃሪዎች። ስማቸውን የደበቁ ወፎች ሞልተውባቸዋል፤ ሽማግሌው ግን የለም። ያለው አድሚን የሚባል ሰው ነው፤ እሱም አንድ ሥልጣን ብቻ አለው፣ ማባረር። የእድር ዳኛ ይገሥጻል፣ ይቀጣል፣ ዋስ ይጠራል፣ ማታ ቤት ድረስ ሄዶ «ምነው ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?» ይላል። ማባረር የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም የተባረረ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? አድሚኑ ይህ ጭንቀት የለበትም። ስለዚህ ወይ ሁሉን ይተዋል ወይ ሁሉን ያባርራል።

ማወያየት የተፈጥሮ ጸጋ ብቻ ነው የሚሉም አሉ። አይደለም። በ1863 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሔንሪ ሮበርት የተባለ አሜሪካዊ መኮንን ኒው ቤድፎርድ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተደረገ ስብሰባ ምራ ተባለ። ስብሰባው ተበጣበጠ፤ ሰውየው ተዋረደ። ከዚያ በኋላ ሥነ ሥርዓት ሳልማር ሁለተኛ ስብሰባ አልመራም ብሎ ተነሣ፤ በ1876 ያሳተማት መጽሐፍ እስከ ዛሬ የአሜሪካኖች የስብሰባ መመሪያ ናት። በአገራችንም ቢሆን ምልክቶች አሉ። በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ በቴሌቪዥን የተላለፉትን ክርክሮች ልጅ ሆኜ ሻይ ቤት በር ላይ ቆሜ ሳይ ከክርክሩ ይልቅ ያስደነቀኝ ሰዓቱ ነበር፤ ለካ ባለሥልጣንም «ሰዓትዎ አልቋል» ይባላል! በሸገር ኤፍ.ኤም. 102.1 መዓዛ ብሩ በ«የጨዋታ እንግዳ» እንግዳዋን እንዴት እንደምታናግር ያዳመጠ ደግሞ፣ ዝምታ ሥራ መሆኑን ከእሷ ሊማር ይችላል። ይህ እንግዲህ የሁለት ሰው ጨዋታ ነው፤ አርባ ሰው ሲሆን ሌላ ነው።

ቃሉም ቢሆን ከአዳራሽ ወጥቶ አዋጅ ውስጥ ገብቷል። የኢትዮጵያ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 ከተቋቋመ ወዲህ መመካከርና ማወያየት የአገር ጉዳይ ሆነዋል። ስለ ፖለቲካው የሚጽፉ ሌሎች አሉ፤ እኔ የምለው ስለ ወንበሩ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ በኋላ አዊም አልቀረለትም። መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት ብዙ ስብሰባ ቀርቷል፤ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር መነጋገር ፈርቷል፤ አንዳንዱ ከሚያውቀውም ጋር። እድር ግን ሊቀር አይችልም፤ ሰው መሞቱን አያቋርጥምና። አንድ ድንኳን ሥር የሚቀመጡት ሰዎች ልብ እየተለያየ ሲሄድ ያ ሽማግሌ የሚሠራው ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። ድንኳኑ ውስጥ የሚባለውን ያህል የማይባለውንም መጠበቅ አለበት። አንድ ሰው ነገ የሚያስጠይቀውን ቃል ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ቀድሞ ወሬውን ወደ ሸራና ወደ አግዳሚ ወንበር የሚመልስ ዳኛ አይቻለሁ። ይህን በየትኛውም መመሪያ ውስጥ አላነበብኩትም። «አፈናቀለው፣ አፈነው» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ከአፈና ይልቅ ጥላ አድርጌ ነው ያየሁት፤ ምክንያቱም ያው ዳኛ ማታ ሰውየው ቤት ሄዶ ቃሉን ለብቻው ሰምቶታል።

ወደ ሥነ ጽሑፍ ልመለስና ላብቃ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተላት ወዲህ ወጣቱ በዝቷል፤ መጽሐፍ የሚያነብም አይጠፋም። በአንድ ሻይ ቤት ጓዳ ውስጥ በወር አንድ ጊዜ የሚገናኙ አሥራ አምስት ያህል ሰዎች አሉ። የሚያወያያቸው አንድ የአማርኛ መምህር ነው። ሁለት ጊዜ ተገኝቻለሁ። ወንበሩ በሩ ሥር ነው፤ ዘግይቶ የሚመጣውን በዓይኑ ተቀብሎ ያስቀምጠዋል። ማስታወሻ አይዝም፤ ነገር ግን ማን ምን እንዳለ አይረሳም። አንዷን፣ «ባለፈው ወር ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ ፈሪ ነው ብለሽ ነበር፤ ምዕራፉን ከጨረስሽው በኋላም እዚያው ነሽ?» ሲላት ሰማሁ። ልጅቷ አሰበች። ሁላችንም አብረናት አሰብን። ያቺ ዝምታ ከሃያ ደቂቃ መግቢያ ትበልጣለች።

ድክመት የለውም አልልም። ግጥም የሚያነብ ሰው ማስቆም አይችልበትም፤ አንድ ባለ ቅኔ ነኝ ባይ የሁላችንንም ሰዓት ሲበላ እያየ ፈገግ ይላል። ሻዩ ይቀዘቅዛል። መጠጥ ቀማምሶ የሚመጣውንም ሰው ለመሸኘት አጋፋሪ ያስፈልገው ነበር። ይሁንና በሁለተኛው ቀን አንዲት ተማሪ በአዊኛ የጻፈችውን አጭር ልብ ወለድ እንድታነብ ያደረገው እሱ ነው። መጀመሪያ ሙሉውን በአዊኛ አነበበች። የማንሰማው ቆሎ እየቆረጠምን ዜማውን አዳመጥን። ከዚያ በአማርኛ ነገረችን። አንድ ቦታ ላይ ደርሳ «ይህ በአማርኛ አይመጣልኝም» ብላ ቆመች። መምህሩ አልቸኮለም። ከአሥራ አምስቱ መካከል ሰባት ስምንቱ እየተጋፉ ይተረጉሙላት ጀመር፤ አልተስማሙም፤ ያችን ቃል ስንከራከርባት መሸ። የአዳራሹ ልጅ እዚያ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

መምህሩ በቅርቡ ወደ ቻግኒ ተዛውሯል። በእሱ ቦታ ሁለት ሰው ታጭቷል። አንዱ አፉ የተባ፣ ድምፁ ለሬዲዮ የሚሆን ወጣት ነው። ሁለተኛዋ የሻዩን ሒሳብ የምትሰበስበው ልጅ ናት፤ ብዙ አትናገርም፤ ማን እንዳልከፈለና ለምን እንዳልከፈለ ግን ታውቃለች። በሚቀጥለው ወር ተወያይተው እንደሚመርጡ ነግረውኛል። ያን ቀን ማን እንደሚያወያያቸው ብጠይቅ እርስ በርስ ተያዩ።